የቀዘቀዘ ቅርጽ

ሰውየው የቴርሞሱን ክዳን አጥብቆ አዞረው።

ማገር የያዘውን የዓሣ ሣጥን አልለቀቀም። ፊቱም አልተለወጠም። ዓይኑ ግን ክዳኑ ላይ ቀረ።

ያን ክዳን ማንም አያጠብቀውም።

የዓሣ ማከፋፈያው ግቢ ጠዋት ጠዋት ሰው በሰው ላይ ነው። ተሸካሚዎች ጎንበስ ብለው ይሮጣሉ። ነጋዴዎች በዋጋ ይነታረካሉ። ከበረዶው ክምር የሚነሳው ነጭ ጉም በሰው እግር መሃል ይሳባል። ቦታውን የመረጠው ማገር ራሱ ነበር። ከቴርሞስ አፍ ጉም ቢወጣ እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

የይለፍ ቃሉን በትክክል ተባብለዋል።

«ትኩስ ነው?»

«ትናንት የተያዘ ነው።»

«ትናንት እኮ ማዕበል ነበር።»

«ማዕበሉ ለዋናተኛ ነው፤ ለዓሣ አይደለም።»

ግራጫው ኮት ልክ ነው። የተሰበረው መነጽር ልክ ነው። የምስጢር ስሙም «ሐኪሙ» ነው። «አጎቴ» የሚላቸው አለቃው በስልክ ሲነግሩት «የፕሮፌሰሯ የድሮ ተማሪ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገ። ዕቃውን ከአንተ ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሷን በመኪና ያሻግራታል» ብለውት ነበር።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ይህን ክዳን አያጠብቅም። ቴርሞሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። በረዶ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ሙቅ ውሃ ነው። ያለማቋረጥ እየተነነ ጋዝ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ የያዘውን ዕቃ ይሰነጥቃል። ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያ ቀን የሚነገረው ይኸው ነው።

ማገር ከሣጥኑ አንድ ዓሣ አንስቶ አገላበጠው።

«መኪናው ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«የምን መኪና?»

ማገር ዓሣውን ወደ ሣጥኑ መለሰው።

«እ፣ መኪናው» አለ ሐኪሙ። «ይደርሳል። አንተ አታስብ።»

«ክዳኑን አላላው።»

«ምን?»

«መተንፈሻ ይፈልጋል። ካላላኸው ይፈነዳል።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «መንገድ ላይ እንዲደፋብኝ ነው? ቴርሞስ አዲስ አይደለም ለእኔ፣ ወንድሜ። ሻይ ይዤበት ስንት አገር ዞሬያለሁ።» ቴርሞሱን በግራ ክንዱ አቀፈው። «ይልቅ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ።»

ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

አልወጣም።

ማገር ሸኘው። እምቢ ቢል እዚሁ ይተኩሳል፤ በዙሪያቸው ያሉት ደግሞ የልጅ አባት የሆኑ ተሸካሚዎች ናቸው። ከበረዶ ጫኝ መኪኖቹ ኋላ ሰማያዊ መኪና ቆማለች። እዚያ ጋ ሰው የለም።

«አንተ ትነዳለህ» አለ ሐኪሙ። ቴርሞሱን የፊት ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህ። አላላው።»

«አፍህን ዝጋ።»

ፍንዳታው የከባድ መኪና ጎማ የፈነዳ ያህል ነበር።

ማገር ራሱን መሬት ላይ አገኘው። የመኪናዋ መስታወት በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ በጀርባው ወድቆ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። በሕይወት አለ። የሆነ ነገር ያጉተመትማል። ማገር ሽጉጡን ከኪሱ አውጥቶ በረዶ ክምር ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ተጎንብሶ የቴርሞሱን ስብርባሪ አየ። ዕቃው የተባለችው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰችው የመዳብ ወንፊት እዚያ መሃል የሆነ ቦታ ላይ ወድቃለች። ቢያገኛትም አትጠቅምም። በላይዋ የተያዘው ቅርጽ ቀልጧል።

የመኪናዋ ወለል ላይ የሐኪሙ ስልክ ጠራ።

አነሳው። አልተናገረም።

«ያዝከው?» አሉ አጎቴ።

ማገር በጉሮሮው ብቻ «እም» አለ።

«ጎበዝ። ልጁን እዚያው ጨርሰው። ለአሮጊቷ ሰዎች ልኬያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለእኛ ነው የምትሠራው። ማርከሻ የሚባለውን ነገር እርሳው፤ ገዢው የሚፈልገው ማርከሻ የሌለውን ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ማገር ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ ተሸካሚዎቹ ሄዶ «እዚያ ማዶ ሰው ተጎድቷል፣ አምቡላንስ ጥሩለት» አለና በዋናው በር ወጣ። አጎቴ ከሕፃናት ማሳደጊያ ያወጡት ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ጫማውን የገዙለት እሳቸው። ስልክ ላይ ዘመድ መስለው እንዲያወሩ «አጎቴ» የሚለው ስም ሲወጣላቸው ማገር በውስጡ ደስ ብሎት ነበር፤ ዘመድ የሌለው ሰው በውሸትም ቢሆን ዘመድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አሁን «ልጁን ጨርሰው» አሉ። ስሙን እንኳ አልጠሩም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቡ አንቱታውን ነሳው።

*

ታክሲው ቀስ ይላል። መንገዱ ተጨናንቋል። ማገር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

ፕሮፌሰሯ የሚሠሩበት የጥናት ተቋም ውስጥ የገባው በናይትሮጅን ሞያተኛነት ነው። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ታንኮቹ እንዳይጎድሉ ይጠብቃል። የአጎቴ ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እዚያ የሚሠራው ነገር ማንም እጅ እንዳይገባ።

ፕሮፌሰሯን ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። የሚያጠኑት ተቀባይ የሚባለውን ፕሮቲን ነው። ማገር ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ስለነበረበት አንድ ቀን ጠየቃቸው። ቢሯቸው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«የሴሉን ቆዳ እንደ ጨርቅ አስበው። ተቀባዩ በጨርቁ ላይ እንደ ክር ሰባት ጊዜ ገባ ወጣ ብሎ የተሰፋ ነው። አንዱ ጫፍ ውጭ፣ አንዱ ጫፍ ውስጥ። መልእክቱ ከውጭ ይመጣና ውጭ ያለው ጎድጓዳ ላይ ቁጭ ይላል። ወደ ውስጥ አይገባም።»

«ካልገባ ውስጥ ያሉት በምን ይሰማሉ?»

ትከሻውን በድንገት ገፉት። እንዳይወድቅ እግሩ ወለሉን ረገጠ።

«እጄ እግርህ ጋ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«እግርህ ግን ሰምቷል። መሃል ላይ ያለው አካልህ ነው ቅርጹን ለውጦ የነገረው። ተቀባዩም እንደዚያው ነው። ከላይ ሲነካ ከታች ያለው እግሩ ፈንጠር ይላል። ክፍተት ይፈጠራል። ውስጥ የሚጠብቀው ባልደረባ እዚያ ክፍተት ይገባል፣ ለሌላው ይነግራል፣ ያኛውም ለሌላው። በአንዲት ንክኪ ቤቱ ሁሉ ይነሳል።»

ከዚያ ያልተጠየቁትን ተናገሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው። በቀዶ ሕክምና ማግስት ሕመሙን የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጡት።

«ሕመሙ ተኛ። ትንፋሹም አብሮ ተኛ» አሉ። «ለሁለቱም የሚናገረው ያው አንድ ተቀባይ ነው። እግሩ ትንሽ ከተከፈተ ሕመም ብቻ የሚጠፋ ይመስለኛል። ብዙ ከተከፈተ ትንፋሽ ይቆማል። እኔ ትንሿን ቅርጽ ነው የምፈልጋት። ዕድሜዬን ሙሉ።»

ትንሿን ሲፈልጉ ትልቁ ተገኘ። ተቀባዩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚይዝ፣ በማንኛውም ማርከሻ የማይለቅ። የተቋሙ ባለቤት ትንሿን ረስቶ ትልቁን ወደደ። ፕሮፌሰሯ ቅርጹን በመዳብ ወንፊት ላይ አቀዝቅዘው ያዙት፤ አሠራሩን ግን ለማንም አልተናገሩም። ማገርን ጠርተው በሩን ዘጉ።

«ለሚልኩህ ሰዎች ንገር። አንዷን ወንፊት ይውሰዱና ማርከሻ ይሥሩላት። እኔንም ከዚህ ያውጡኝ።»

ማገር ደርቆ ቀረ። «የሚልከኝ ማን ነው፣ እትዬ?»

«በገባህ በወሩ ነው ሰላይ መሆንህን ያወቅሁት። እዚህ ያለ ሞያተኛ በሙሉ ሥራውን ያማርራል። አንተ ብቻ አታማርርም።»

በማግስቱ ማገር በሁሉም ሰው ፊት ስለ ጋሪው ጎማ አማረረ። ፕሮፌሰሯ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጄ ይሉት ጀመር።

*

የናይትሮጅኑ ክፍል የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ከባድ ብረት ነው፤ በሰው ፊት ከፍታ ላይ ወፍራም መስታወት አለው። የዚህ ክፍል ሕግ በሩ እንዳይዘጋ ነው። ናይትሮጅን አይሸትም፣ አያስልም፣ አያንቅም። አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል እንጂ። ሰው ሳያውቀው ይተኛል።

ፕሮፌሰሯ የጉዞ ጫማ አድርገው፣ ካፖርት ደርበው ቆመዋል።

«መኪናው መጣ?»

«አይመጣም፣ እትዬ።»

አዩት። ካፖርታቸውን አወለቁና አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«የከዱን አጎትህ ናቸው?»

«ነው» አለ። ናቸው አላለም። «ሰዎች ልኮብዎታል። በጓሮ በር እንውጣ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«አዝልዎታለሁ።»

«ጥበቃው ሲያይህ ምን ይላል? ሙሽራዋን ይዞ ወጣ?» ፈገግታው ከንፈራቸው ላይ ብቻ ነበር። «መጀመሪያ ታንኩን እንድፋው። ወንፊቶቹ ይቅለጡ። ከዚያ የሚቀረው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

«እሱን ይዘን እንሄዳለን።»

«ቢይዙንስ? እኔ ጀግና አይደለሁም፣ ልጄ። መርፌ እንኳ እፈራለሁ። አንድ ጥፍሬን ቢነኩኝ ሁሉንም ከነማብራሪያው እነግራቸዋለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ከጀመርኩ አላቆምም።»

«አይዙንም።»

ተጋግዘው ታንኩን ገፉት። ተንገዳገደና ወደቀ። ፈሳሹ ወለሉ ላይ እንደ ዘይት ተንሸራተተ። ጉሙ እስከ ጉልበታቸው ወጣ። ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማስጠንቀቂያ መጮኽ ጀመረ። ፕሮፌሰሯ ገመዱን ነቀሉት።

«ሰው ይጠራብናል» አሉ።

ልክ ነበሩ። ልክ ስለነበሩ ማገር አላሰበበትም።

«አየር ማውጫውንም አጥፋው። ጉሙ በጣሪያ ሲወጣ ይታያል።»

አጠፋው።

«እንሂድ፣ እትዬ። ይበቃል።»

«የልጄ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። አምጣልኝና እንሂድ።»

ሁለት በር ማለፍ ብቻ ነው። ሮጠ። ፎቶውን ከጠረጴዛው አነሳ። ሲመለስ የብረት ድምፅ ሰማ።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘግቷል።

በሩን ገፋ። በትከሻው መታው። ከግድግዳው የእሳት ማጥፊያውን ነቅሎ መስታወቱን ደበደበ፤ መስታወቱ ጭረት ብቻ አወጣ። ፕሮፌሰሯ ወደ መስታወቱ መጡ። ጉሙ ወገባቸው ደርሷል።

«ይክፈቱ፣ እትዬ። እባክዎ። እባክዎ።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በቁጣ አልነበረም፤ ያልገባው ተማሪ ላይ እንደሚያደርጉት ነበር።

ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡት። ወንበራቸውን ስበው ወደወደቀው ታንክ ዞረው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ነግረውት ነበር። ምልክት ሲበዛበት ሴሉ ተቀባዩን ከቆዳው ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ውጭ ያለው የፈለገውን ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ማገር መደብደቡን ተወ። ፎቶውን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ መስታወቱ ጠርዝ ላይ አቆመው። ዞረው አላዩትም።

የአሳንሰሩ ደወል ጮኸ።

ሁለት ሰዎች ወጡ። የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ልብስ ለብሰው የመሣሪያ ሣጥን ይዘዋል። ልብሱ አዲስ ነው፤ አንድ የዘይት ጠብታ የለበትም። ማገር ባዶ ጋሪውን ይዞ መግፋት ጀመረ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው።

«ወንድም፣ ፕሮፌሰሯን ፈልገን ነበር።»

«የትኛዋን? ሦስት አሉን፤ ሁለቱ የሚገኙት ደመወዝ ሲደርስ ነው።»

አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው አልሳቀም።

«አሮጊቷን።»

መልሱ አፉ ላይ ነበር። ያው መጨረሻው በር። ሣጥናቸው ውስጥ መሰባበሪያ አይጠፋም። ይሰብሩታል፣ አየር ይገባል፣ እትዬ ይነቃሉ። በሕይወት ይኖራሉ። እዚህ አገር ወይም ሌላ አገር፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ የፈሩትን እየሠሩ።

ወይም ዝም ይላል።

እያንዳንዱ ደቂቃ ቅርጹን ያቀልጣል። እያንዳንዱ ደቂቃ እሳቸውንም ይወስዳል። ደቂቃው ያው አንድ ደቂቃ ነው፤ ለይቶ መስጠት አይቻልም።

«እሳቸው ምሳ ወጥተዋል» አለ ማገር። «ከግቢው ማዶ ክበቡ ጋ ነው የሚበሉት። ወደ ታች ወርዳችሁ፣ በሕንፃው ኋላ ዞራችሁ።»

«ይቆያሉ?»

«ጥርሳቸው ደካማ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚበሉት።»

«እናመሰግናለን።»

«ምንም አይደል።»

የአሳንሰሩ በር ተዘጋ። ማገር ጋሪውን ይዞ እዚያው ቆመ። ወደ ኋላ አልዞረም። ቢዞር ይሮጣል፤ ቢሮጥ ይጮኻል። ደረጃውን ያዘ።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳውን እየፈተሸ ቀለደበት።

«ዛሬ በጊዜ? እትዬ አባረሩህ እንዴ?»

«አዎ» አለ ማገር። «አባረሩኝ።»

*

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የሐኪሙ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጠራ።

«ለምን አትደውልም አንተ?» አለ አጎቴ።

«ሐኪሙ ሆስፒታል ነው።»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ማገር። ልጄ። የት ነህ? ተሳስተህ ተረድተህ ይሆናል፤ ቁጭ ብለን እናወራለን።»

«ቅርጹ ቀልጧል።»

«ሌላ ትሠራለች። እሷ የት ናት?»

ማገር መንገዱን አየ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ትሻገራለች። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጀርባው ላይ ያለው ጨርቅ በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እሷ የት ናት፣ ማገር?»

«ማንም እጅ አይግባ ብለህ ነበር። አልገባም።»

አንተ ማለቱን አጎቴ ሳይሰማ አልቀረም። የሆነ ነገር ሊል ሲጀምር ማገር ስልኩን የመንገድ ዳር ፍሳሽ ውስጥ ጣለው። አውቶቡሱ መጣ። የት እንደሚሄድ ሳያነብ ገባ።

*

የደረሰበት ከተማ ትንሽ ነው። ጋዋኑን መንገድ ላይ ጥሎታል። ጢሙ አድጓል። ፀጉር ቤት ገባና ተራው ሲደርስ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ።

«ምን ላድርግልህ?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ሁሉንም አንሳው።»

ሬዲዮው ዜና ያወራል። የአንድ የጥናት ተቋም ታዋቂ ተመራማሪ በጋዝ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። የአደጋው መንስኤ የአንድ ሞያተኛ ቸልተኝነት ነው፤ ፖሊስ እየፈለገው ነው።

ፀጉር ቆራጩ ከንፈሩን መጠጠ። «ተማርን የሚሉት ብሰዋል። በሩን ከፍቶ ቢያወጣቸው ምን ይቸግረው ነበር?»

«ምንም።»

«እናት የሆኑ ሴት እኮ ናቸው።»

«ናቸው።»

«እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል ብለህ ነው?»

ማሽኑ ጆሮው ሥር ይጮኻል። ፀጉሩ በክምር በክምር ጭኑ ላይ ይወድቃል። ፀጉር ቆራጩ ሬዲዮውን ወደ ዘፈን ቀየረና አንገቱን በዱቄት አበሰለት፤ ከዚያ ትንሿን መስታወት ከኋላው ያዘለት።

«እይው። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ፣ ሳያይ።